ከአስታማሚ ወንበር፦ ለእህቴ የሉፐስ ሕክምና የሰጠሁት ኮከብ

ኡበር እነዳለሁ፤ ሜሪላንድ። ኑሮዬ በኮከብ ነው። ሰው መኪናዬ ውስጥ ይገባል፣ አሥር ደቂቃ ስልኩን ሲነካካ ይቆያል፣ ደህና ዋል እንኳ ሳይል ወርዶ አራት ኮከብ ይሰጠኛል። አምስተኛዋን ለምን እንዳስቀራት አይነግረኝም። ስለዚህ ዛሬ ተራው የኔ ነው፤ እኔ ግን ምክንያቴን እናገራለሁ።

የምገመግመው ምግብ ቤት አይደለም። ታናሽ እህቴ ሚጡ (የቤት ስሟ ነው) ለሉፐስ የወሰደችውን ካር ቲ የሚባል የሕዋስ ሕክምና፣ ሕክምናውን የሰጣትን ሆስፒታልም ጭምር። ሆስፒታሉን በስም አልጠራም። ገና እየተመላለስን ነው፣ ነገ ፊታቸውን አያለሁ። ሐኪምም አይደለሁም። አስታማሚ ነኝ። ሦስት ሳምንት ከአልጋዋ አጠገብ ወንበር ላይ አድሬያለሁ። ለወንበሯ አንድ ኮከብ። ስትዘረጋ አልጋ ትሆናለች ብለውኛል። ትሆናለች፣ ለሰባት ዓመት ልጅ።

ከመጀመሪያው ልነሳ። ሚጡን የጀመራት አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ስትማር ነው። ፀሐይ ላይ ውላ ስትገባ ጉንጮቿና አፍንጫዋ ላይ የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለ ቀይ ነገር ይወጣባታል። ጠዋት ጠዋት ጣቶቿ አልታጠፍ ይላሉ። ቤተሰቡ በአንድ አፍ "ምች ነው" አለ። የምች መድኃኒት ደግሞ የታወቀ ነው። እማዬ ዳማከሴውን እያሸች ስትቀባት፣ ጭማቂውን በቡና ስታጠጣት ከረመች። አሁን ሳስበው እማዬ ግማሽ መንገድ ደርሳ ነበር፤ ሉፐስን ፀሐይ በእርግጥ ይቀሰቅሰዋል። ግን ጠቡን የጀመረችው ፀሐይ አልነበረችም።

ሉፐስ ምንድን ነው ለምትሉ፣ ሌባ እንዲጠብቅ የተቀጠረ ዘበኛ ባለቤቱን ሲደበድብ አስቡት። ከበሽታ የሚከላከለው የሰውነት ክፍል የራስን አካል እንደ ጠላት ይቆጥርና ይነሳበታል። ከአሥር ታማሚ ዘጠኙ ሴት ናት። እዚህ አሜሪካ ደግሞ ጥቁር ሴቶች ላይ ይበረታል። አንዱን ቆዳ ላይ፣ አንዱን መገጣጠሚያ ላይ፣ አንዱን ልብ ላይ ይይዘዋል። የሚጡን ኩላሊቷን ነው የያዘው።

የዋጠችውን መድኃኒት ሁሉ ልገምግም ብል አንጨርስም። ሁለቱን ብቻ። ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ አምስት ኮከብ። የድሮው የወባ መድኃኒት ዘመድ ነው፤ ቆላ ወርዶ የሚያውቅ ሰው ክሎሮኪንን ከነምሬቱ ያስታውሳል። ርካሽ ነው፣ ዕድሜ ጠገብ ነው፣ እስከዛሬም ሉፐስ ያለበት ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል የሚጀምረው በእሱ ነው። ዓይን ሊነካ ስለሚችል የዓይን ምርመራውን አለመዝለል ነው። ፕሬድኒሶን የሚባለው ስቴሮይድ ደግሞ ሁለት ኮከብ። እሳት ማጥፋቱን ያጠፋል፤ ግን እንቅልፍ ነሳት፣ አጥንቷን አሳሳ፣ ፊቷን እንደ ድፎ ዳቦ ነፋው። ለቅሶ ቤት ያገኛችኋት ሁሉ "ውይ ተመችቶሻል፣ አሜሪካ ተስማምቶሻል" ስትሏት የነበረው እሱን ነው። ቤት ገብታ ታለቅስ ነበር፣ ለወደፊቱ እወቁት።

ሌሎቹንም ሞክራለች። ቤሊሙማብ በፈረንጆቹ 2011 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጠራው) ሲፈቀድ ለሉፐስ ከሃምሳ ዓመት በላይ በኋላ የመጣ የመጀመሪያው አዲስ መድኃኒት ነበር። ወሰደችው። ሪቱክሲማብንም። ጋብ ይላል፣ ደግሞ ይነሳል። ሽንቷ ውስጥ የሚወጣው ፕሮቲን ሲጨምር የኩላሊት ሐኪሟ ስለ እጥበት ማንሳት ጀመረ። ያን ቀን ነው ሌላዋ ዶክተሯ፣ የሉፐሷ፣ "አንድ ጥናት አለ" ያለችን።

እዚህ ላይ ሕክምናውን ራሱን ላስረዳ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው "ስቴም ሴል ነው አይደል?" ይለኛል። አይደለም። ከደሟ ቲ የሚባሉትን ነጭ የደም ሕዋሳት ያወጣሉ። ቲዎቹ ወታደሮች ናቸው። ላቦራቶሪ ወስደው፣ ጉዳት እንዳያደርስ የተደረገ ቫይረስ እንደ መልእክተኛ ተጠቅመው አዲስ የዘር መመሪያ ያስገቡባቸዋል። በዚያ መመሪያ ቲዎቹ ቆዳቸው ላይ አዲስ መንጠቆ ያበቅላሉ። መንጠቆው የሚይዘው ቢ የተባሉትን ሕዋሳት ነው፤ የራሷን አካል የሚመታውን መሣሪያ የሚያመርተው የእነሱ ወገን ነው። ከዚያ ቲዎቹን አብዝተው ይመልሱላታል። ቲዎቹ ገብተው ቢዎቹን ይጠርጋሉ። ሪቱክሲማብም የሚያሳድደው ቢዎችን ነው፤ ግን ደም ውስጥ ያሉትን ሲያጠፋ ሥጋና ዕጢ ውስጥ የተሸሸጉት ይተርፉታል። ቲዎቹ ግን በሕይወት ያሉ ነገሮች ናቸው፣ ጓዳ ድረስ ገብተው ይፈልጋሉ። ከወራት በኋላ መቅኔ አዳዲስ ቢዎች ይሠራል፤ ተስፋው እነዚህ የድሮውን ቂም ሳያውቁ የሚወለዱ መሆናቸው ነው።

ነገሩ የተጀመረው ለደም ካንሰር ነው። በ2012 ፊላዴልፊያ ውስጥ ኤሚሊ ዋይትሄድ የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ ወሰደችው። ሕዋሶቹ ሥራ ሲጀምሩ ትኩሳቱ ሊገድላት ደረሰ፤ ከምርምሩ መሪዎች አንዱ ካርል ጁን ቶሲሊዙማብ የሚባል መድኃኒት ትዝ አለው። የቁርጥማት መድኃኒት ነው። የራሱ ልጅ የመገጣጠሚያ በሽታ ስላለባት ነበር የሚያውቀው። ሰጧት፣ ትኩሳቱ ወረደ፣ ልጅቷም ተረፈች። ይቺን ታሪክ የምወዳት መጀመሪያ ከቁርጥማት ሰፈር ወደ ካንሰር ሰፈር መድኃኒት ተሻግሮ፣ ኋላ ደግሞ ከካንሰር ሰፈር ወደ እኛ ብድሩ ስለተመለሰ ነው።

ብድሩን የመለሱት ኤርላንገን የምትባል የጀርመን ከተማ ሐኪሞች ናቸው። የጌኦርግ ሼት ቡድን በ2021 አንዲት የ20 ዓመት ሴት በከባድ ሉፐስ ላይ እንዳለች በካር ቲ አክሞ ውጤቱን አሳተመ። በ2022 አምስት ሰው። በ2024 መጀመሪያ አሥራ አምስት ሰው፣ ስምንቱ ሉፐስ ያለባቸው፣ የቀሩት የጡንቻና የቆዳ መድረቅ በሽታ ያለባቸው። ስምንቱም የሉፐስ ሰዎች በሽታው ጋብ አለላቸው፣ ከነስቴሮይዱ መድኃኒታቸውን አቆሙ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። ስምንት ሰው በአንድ ሚኒባስ ይሄዳል። ግን ስምንት ከስምንት ነው።

አሁን ወደ አገልግሎቱ። የስምምነት ሰነዱ የሚጡን የመመረቂያ ጽሑፍ ያክላል፣ በእንግሊዝኛ። ሚጡ እንግሊዝኛ አይቸግራትም፤ ግን ስለ ራስ ሞትና ሕይወት በሰው ቋንቋ መፈረም ሌላ ነው። አስተርጓሚ ጠየቅን፣ በቪዲዮ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፣ አማርኛውም ያማረ። አንድ ቃል ላይ ግን ጉድ ሊሠራን ነበር። ዶክተሯ የጀርመኖቹ ታማሚዎች "ረሚሽን" ውስጥ ናቸው ስትል እሱ "ድነዋል" እያለ ተረጎመው። ኧረ ቆይ፣ አልኩ። ረሚሽን ማለት በሽታው የተኛበት ጊዜ ነው፤ ነገ ይነቃል አይነቃም ማንም አልማለም። ዶክተሯን በእንግሊዝኛ መልሼ ስጠይቃት ደነገጠች፣ እሷ እንደዚያ አላለችም። አማርኛው ደግሞ አልጠፋም እኮ፣ "ጋብ አለ" ማለት ይበቃል። ሌላ ሰው ቢሆን "ትድኛለሽ" ተብሎ ፈርሞ ይወጣ ነበር። ለትርጉም አገልግሎቱ ሁለት ኮከብ፣ ሁለተኛዋም ለጨዋነቱ።

እማዬ ደግሞ በስልክ "ሙከራ" የሚለውን ሰምታ "ልጄን እንደ አይጥ ሊሞክሩባት ነው?" አለችኝ። ምን እላታለሁ? እውነቱን ነገርኳት። አዎ፣ ሙከራ ነው። ለሉፐስ ገና ጥናት ላይ ያለ ሕክምና ነው። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በጥር 2024 ካር ቲ ራሱ አልፎ አልፎ አዲስ የቲ ሕዋስ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል ብሎ ከባድ ማስጠንቀቂያ እንዲለጠፍበት አዟል። ለዚህ ነው ክትትሉ አሥራ አምስት ዓመት የሚሆነው። አሥራ አምስት ዓመት! ሚጡ "ጋሼ፣ ያኔ እኮ አንተ ጡረታ ወጥተሃል" ብላ ሳቀችብኝ።

የወሊድ ነገር ላይ አጥብቄ ቅር ብሎኛል። ከሕዋሱ በፊት ኬሞ አለ፣ ለአዲሶቹ ቦታ ለማስለቀቅ። ከሁለቱ የኬሞ መድኃኒቶች አንዱ ሳይክሎፎስፋሚድ ነው፣ እሱ ደግሞ የሴት እንቁላል ይጎዳል። ሰነዱ ውስጥ ተጽፏል፣ አዎ፤ ግን በአፍ የነገራት ሰው አልነበረም። ራሷ ናት የጠየቀችው፣ ያውም ኬሞው ሁለት ሳምንት ሲቀረው። እኔ ከክፍሉ ወጣሁ፣ ወንድም አይደለሁ። ስመለስ መርፌ ታዞላት ነበር፣ እንቁላሏን የሚያሳርፍ ነው አለችኝ። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው። መጀመሪያ ቀን መነሳት የነበረበት ጉዳይ ነው፣ አንድ ኮከብ እንኳ አልሰጥም።

ሕዋስ ማውጣቱ ቀላል ነው። በአንድ ክንድ ደም ይወጣል፣ ማሽን ውስጥ ዞሮ የሚፈለገው ይቀራል፣ የቀረው በሌላው ክንድ ይመለሳል። አምስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ከንፈሯን ነዘራት፣ ካልሲየም ሰጧት፣ አለቀ። ከባዱ ከዚያ በኋላ ያለው ጥበቃ ነው። ሕዋሶቹ እስኪሠሩ ሳምንታት ይፈጃል፣ በመሃል የሉፐስ መድኃኒቶቿን አቋረጡባት። ጣቶቿ ተመልሰው ድርቅ አሉ፣ እግሯ አበጠ። ሻይ ብርጭቆ በሁለት እጅ ይዛ ያየኋት ያኔ ነው። ለዚህ ጊዜ የሚደውል ሰው አልመደቡልንም፤ የምንደውለው እኛ፣ የሚመልሰው ደግሞ ሁሌ አዲስ ሰው።

ከዚያ ቀኑ ደረሰ። እኔ ትልቅ ነገር ጠብቄ ነበር። የመጣው የእጅ መዳፍ የምታክል ከረጢት ናት፣ ከበረዶ ወጥታ በሞቀ ውሃ የቀለጠች። ሃያ ደቂቃ አልሞላም። ለማቆያ የሚጨምሩበት ኬሚካል ክፍሉን ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት አሸተተው፤ ሚጡ "ጋሼ፣ ቁሌት የጣልክ ነው የምትመስለው" አለች። ይቺ ትንሽ ነገር በካንሰሩ ዓለም ለመጀመሪያ ጊዜ በ2017 ስትፈቀድ ዋጋዋ 475,000 ዶላር ነበር። እኛ ጥናት ውስጥ ስለገባን ለሕዋሱ አልከፈልንም።

በአራተኛው ቀን ትኩሳት መጣ። 39.4። ይመጣል ብለው ነግረውናል፣ ሲመጣ ግን እንደተነገረው አይደለም። አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ነው ያንቀጠቀጣት። ያ የቁርጥማት መድኃኒት፣ ቶሲሊዙማብ፣ ተሰጣት። በማግስቱ ወረደላት።

ነርሶቹ ላይ ኮከብ መቁጠር ነውር ነው፣ ያለውን ሁሉ ውሰዱት። አንድ ነገር ብቻ ልናገር። ሕክምናው አንጎል ሊነካ ስለሚችል በየቀኑ ይፈትኗታል፦ ዓመቱ ስንት ነው፣ ያለሽበት ከተማ ማን ነው፣ ከመቶ ወደ ታች በአሥር በአሥር ቁጠሪ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፊ። የመጀመሪያ ቀን ሚጡ በአማርኛ "ዛሬ ቡና አምሮኛል" ብላ ጻፈች። ነርሷ አየችው፣ ዞር አድርጋ አየችው፣ "ቆንጆ ነው፣ ምን ይላል?" አለች። በእንግሊዝኛ ጻፊ ትላታለች ስል፣ "የሚመችሽ ይሄ ከሆነ በየቀኑ ይሄንኑ ጻፊ፣ እኛ የምናየው እጅሽ መለወጡን ነው" አለች። ወረቀቶቹን በተርታ ግድግዳው ላይ ለጠፍናቸው። የትኩሳቱ ቀን "አምሮኛል" ወደ ታች ተንሸራታ፣ "ል" እግሯ ረዝሞ የሌላ ፊደል መስላ ነበር። እኔ ሞትኩ። ነርሷ ሌሎቹን ጥያቄዎች ደግማ ጠይቃ፣ እጇን አስጨብጣ፣ "ትኩሳቱ ነው፣ አንጎሏ ደህና ነው" አለችኝ። በማግስቱ ፊደሎቹ ቀጥ አሉ። ቡናው ግን አልተፈቀደም።

ወገኖቼ ደግሞ፣ እናንተን ልምጣባችሁ። ነጭ የደም ሕዋሷ ወርዶ እያለ ሎቢው ውስጥ አሥራ አንድ ሰው ለጥየቃ መጥቶ ተሰልፏል፣ ከነአጥሚቱ፣ ከነዶሮ ወጡ፣ አንዷም ከነጉንፋኗ። የጥበቃ ሠራተኛው "ሰርግ አለ?" አለኝ። አውቃለሁ፣ ፍቅር ነው፤ እኛ ቤት የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም። ግን ያኔ ጉንፋን ይገድላታል። በቪዲዮ አይታችኋት ሄዳችኋል፣ የቀየማችሁኝም አላችሁ፣ ይቅርታ። ጥሬ ክትፎም ክልክል፣ ያልፈላ ውሃ ክልክል። ጸበሉ ላይ ትንሽ ከረርን፣ መጨረሻ ላይ ቄሱ በታሸገ ውሃ ላይ ጸልየው ሰጡን፣ ሁሉም ተስማማ።

ይኸው ጥየቃ ደግሞ ነው ያዳነን። ሆስፒታሉ ከወጣች በኋላ ለአንድ ወር ሃያ አራት ሰዓት አብሯት የሚሆን ሰው ካልተገኘ አይጀምርም። ይሄ ሰነዱ ውስጥ አንድ መስመር ናት። አንድ መስመር! እኔ ካልነዳሁ አልበላም። ለአስታማሚ የሚከፍል የለም። የሰፈራችን ማኅበር ሴቶች ተራ አውጥተው፣ ማስክ አድርገው፣ እየተፈራረቁ ባያድሩላት ኖሮ እኔ ቤት ኪራይ አልከፍልም ነበር። ብቻዋን የመጣች፣ ዘመድ የሌላት ልጅ ብትሆንስ? ሳይንሱ አምስት ኮከብ፣ ግን በሩ የሚከፈተው ሰው ላለው ሰው ብቻ ነው፣ እዚህ ላይ ሁለት ሰጥቼ አልፌያለሁ። ፓርኪንጉን ደግሞ አታንሱብኝ። በቀን አሥራ አምስት ዶላር። ሕዋሱ በነፃ፣ መኪናው በክፍያ።

ውጤቱስ? ከወሰደች ሰባት ወር ሆኗታል። ስቴሮይድ የለም፣ የሉፐስ መድኃኒት የለም። ሽንቷ ውስጥ ያለው ፕሮቲን ወርዶ ወርዶ ልክ ገባ። ቢዎቹ በአራተኛው ወር መመለስ ጀመሩ፣ እስካሁን ጠብ አላነሱም። ፊቷ የራሷ ሆኗል። ጎዶሎም አለ፦ የመከላከያ ፕሮቲኗ ዝቅ ስላለ ሁለት ጊዜ ሳይነስ ይዟታል፣ አንዳንድ ክትባቶችም እንደገና ሊሰጧት ነው። ባርኔጣዋንም አላወለቀችም።

ሰዎች አዲስ ነገር የለም ወይ ይሉኛል፣ አሁን የሉፐስ ሊቅ ሆኜላቸዋለሁ። አለ። የ2025 የሕክምና ኖቤል ለማሪ ብራንኮው፣ ለፍሬድ ራምስደልና ለሺሞን ሳካጉቺ የተሰጠው በዚሁ ሰፈር ባለ ሥራ ነው። እነሱ ያሳዩት ከቲዎቹ መካከል ጠብ አብራጅ የሆኑ መኖራቸውን ነው፤ ሽማግሌ በሏቸው። ሌሎቹ ሕዋሶች የራስን አካል እንዳይመቱ ያስታርቃሉ። አሁን ወታደር ከመላክ ይልቅ ሽማግሌ አባዝቶ መላክ ይቻል እንደሆነ እየተሞከረ ነው፣ እኔ በግሌ ይሄኛው ይመቸኛል። ራምስደል ሽልማቱን ሲያሸንፍ ተራራ ላይ በእግሩ እየተጓዘ ስልኩ አልሠራም ነበር፤ ከሁሉ ሰው በኋላ ነው የሰማው። ቻይና ውስጥ ደግሞ በ2024 ከታማሚው ሳይሆን ከሌላ ጤነኛ ሰው በተወሰደ ሕዋስ የጡንቻና የቆዳ መድረቅ በሽታ ያለባቸው ሦስት ሰዎች አክመዋል፤ ያ ከተሳካ የሚጡ ዓይነቱ ጥበቃ ይቀራል፣ ዋጋውም ምናልባት።

አዲስ አበባ ሆናችሁ "ለልጄም አስገባልኝ" ብላችሁ የደወላችሁልኝ፣ እዚያ አሁን የለም፣ እኔም የማስገባት አቅም የለኝም። ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቱሪስት አድርጎ ወስዶ "ስቴም ሴል እንወጋለን፣ ሉፐስ ይድናል" የሚል ክሊኒክ ማስታወቂያ የላካችሁልኝ አላችሁ። ብር አትስጡ። እውነተኛ ጥናት በተለምዶ ለሚጠናው ሕዋስ ሒሳብ አያስከፍልም፣ "ይድናል" ብሎም አይምልም። ያቺን የወባ ዘመድ ኪኒን በሐኪም ትዕዛዝ ሳታቋርጡ ዋጡ፣ ዓይን ታዩ፣ ፀሐይ ሽሹ፣ ሽንት አስመርምሩ።

እማዬ በቀደም በሰው እጅ ደረቅ ዳማከሴ ላከች። "ለማንኛውም" ብላ። ሚጡ ልትጠጣው ፈለገች፣ እኔ መጀመሪያ ይጠየቅ አልኩ። የሆስፒታሉ ፋርማሲስት ኮምፒውተሩ ውስጥ ስሙን ፈልጎ አጣው። "እንዴት ነው የሚጻፈው?" አለኝ። ፊደል በፊደል ነገርኩት፣ አሁንም አጣው። "ለጊዜው አትጠጣው፣ ናሙና አምጣልኝና ልይ" አለ። ማክሰኞ ይዤለት እሄዳለሁ፣ ፓርኪንግ ከፍዬ።